ሲቀር የሚጠየቅ ሰው

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ የለም ለማለት ይቻላል። ሰው ማኅበራዊ ፍጡር መሆኑንም መምህሮቻችን ደጋግመው አስተምረውናል። ዳሩ ግን መድኃኒት ከሆነ አወሳሰዱ እንዴት ነው? ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ከሰው ጋር መዋል ብቻውን ከብቸኝነት የሚያድን ቢሆን ኖሮ፤ መርካቶ ውሎ የሚገባ ሰው ብቸኝነትን ከቶ ባላወቀው ነበር። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ቀኑን በአንድ ቢሮ ከሃያ ሠራተኞች ጋር ውሎ፤ በታክሲ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቆ ተሳፍሮ፤ ማታ የኪራይ ክፍሉን በር ሲከፍት ግን ከጧት ጀምሮ የልቡን ነገር ያጫወተው አንድም ሰው አለመኖሩ ትዝ የሚለው ወጣት በከተማችን ጥቂት አይደለም።

ስለ ብቸኝነት መናገር በእኛ ዘንድ ያሳፍራል። የታመመ ሰው «አመመኝ» ይላል፤ ገንዘብ ያጣም «ቸገረኝ» ይላል። ብቸኛ የሆነ ሰው ግን «ሰው የለኝም» ማለትን እንደ ውርደት ስለሚቈጥረው፤ ሥራ በዛብኝ ብሎ ያመካኛል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን የሚሸሸግ ነገር ወደ ብርሃን አውጥተን፤ ብቸኝነት ምን እንደ ሆነ፤ ለምን እንደሚጎዳና አያቶቻችን ካቆዩልን ልማድ ምን መድኃኒት እንደሚገኝበት ለማየት አስበናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብቻ መሆን ሌላ፤ ብቸኝነት ሌላ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ብቻ መሆን በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ብቸኝነት ግን በልብ የሚሰማ ነው። በዋሻ የሚኖር ባሕታዊ ብቻውን ነው፤ ነገር ግን ብቸኛ ላይሆን ይችላል። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪም በሩን ዘግቶ ሲያነብ ቢውል ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። በአንጻሩ ደግሞ በሠርግ ቤት መካከል፤ ከበሮ እየተመታ፤ ሆድ የሚብሰው ሰው አለ። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ብቸኝነትን ሲተረጕሙ፤ ሰው በሚፈልገው ወዳጅነትና ባለው ወዳጅነት መካከል ያለው ርቀት ነው ይላሉ።

ሮበርት ዋይስ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ብቸኝነትን በሁለት ከፍለውታል። አንደኛው የቅርብ ሰው ማጣት ነው፤ ይኸውም ምስጢር የሚያካፍሉት፤ በፊቱ ቢያለቅሱ የማያፍሩበት ሰው አለመኖር ነው። ሁለተኛው ወገን ማጣት ነው፤ ይህም ማለት «የእኔ ናቸው» የሚሉት፤ እነሱም «የእኛ ነው» የሚሉለት የባልንጀሮች ስብስብ አለመኖር ነው። የዋይስ ዋና አሳብ አንዱ በሌላው የማይተካ መሆኑ ነው። ወደ ሩቅ አውራጃ ተመድቦ የሄደ ወጣት ሚስቱ አብራው ብትሆን እንኳ፤ አገሩን እስኪለምድ ድረስ ሁለተኛው ብቸኝነት አይቀርለትም። ማታ ማታ ከሰባት ጓደኞቹ ጋር የሚያመሽ ደግሞ ከሰባቱ ለአንዱ እንኳ የሆዱን የማይነግር ከሆነ፤ ሳቁ ጎረቤት ድረስ ቢሰማም በመጀመሪያው ብቸኝነት ተይዟል።

ከዚያም በ1995 ሮይ ባውማይስተርና ማርክ ሊሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፤ የወገን አባል የመሆን ፍላጎት ለሰው ልጅ መሠረታዊ ነው የሚል ሰፊ ጥናት አሳተሙ። እነሱ እንደሚሉት ፍላጎቱ የሚረካው ሁለት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው። እነዚህም አዘውትሮ በሰላም መገናኘትና፤ የማይቋረጥ መተሳሰብ ናቸው። በየጧቱ በአንድ ታክሲ የሚሳፈሩ ሰዎች መገናኘቱ አላቸው፤ መተሳሰቡ ግን የላቸውም። በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የሚሠራ ወንድማችን ደግሞ ከአገር ቤት መተሳሰቡ አልቀረበትም፤ እናቱ ስሙን ሳታነሣ አትውልም። ነገር ግን ከሥራ ሲመለስ በሩን የሚያንኳኳ ጎረቤት ከሌለው ግማሹ ነገር ጎድሎታል። ቴሌፎን መተሳሰብን ያደርሳል፤ አብሮ መቀመጥን ግን አይተካም።

ያልተወረወረችው ኳስ

ሰው ከወገን መገለሉ ምን ያህል እንደሚጎዳው ለመረዳት፤ በፕሮፌሰር ኪፕሊንግ ዊልያምስ ላይ የደረሰውን እናውሳ። እኚህ የሥነ ልቡና ሊቅ አንድ ቀን በመናፈሻ ተቀምጠው ሳለ፤ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ይወራወሩበት የነበረ እንደ ሳሕን ያለ መጫወቻ ከአጠገባቸው ወደቀ። ተነሥተው መልሰው ወረወሩላቸው። ሰዎቹም ወደ እሳቸው ወረወሩ፤ ጥቂት ደቂቃም ለሦስት ተጫወቱ። ከዚያ ሰዎቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ እሳቸው መወርወር አቁመው ለሁለት ብቻ ቀጠሉ። ፕሮፌሰሩ ከዚያ በፊት አይተዋቸው በማያውቁ ሰዎች ምክንያት ልባቸው መከፋቱ አስገረማቸው።

ይህን ነገር ወደ ምርምር ክፍል ወስደው ከባልደረቦቻቸው ጋር በኮምፒዩተር የሚካሄድ የኳስ ቅብብል አዘጋጁ፤ ውጤቱንም በ2000 አሳተሙ። ተፈታኙ ከሁለት ሰዎች ጋር የሚጫወት ይመስለዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሁለቱን የሚያጫውታቸው ኮምፒዩተሩ ነው። ጥቂት ጊዜ ከተቀባበሉ በኋላ ኳሷ ወደ እሱ መምጣቷን ታቆማለች። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተፈታኙ ደስታ ይቀንሳል፤ ለራሱ የሚሰጠው ግምት ይወርዳል፤ መኖሩም ከንቱ ሆኖ ይታየዋል። በ2004 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አብሮ የሚጫወተው ኮምፒዩተር እንጂ ሰው አለመሆኑ አስቀድሞ የተነገረው ተፈታኝ እንኳ እንደ ቀረው ሁሉ ከፋው።

በዚህ ሙከራ የሰደበ የለም፤ የመታም የለም። የተደረገው ነገር ቢኖር ኳሷ አለመወርወሯ ብቻ ነው። ይህንንም የምንተርከው በየመሥሪያ ቤታችን በየቀኑ ስለሚደረግ ነው። አዲስ ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ፤ ነባሮቹ እየተጠራሩ ለምሳ ይወጣሉ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ «ና እንሂድ» የሚለው ሰው ግን አልተገኘም። ኳሷ አልተወረወረችለትም።

የባለጠጋ አገር በሽታ ነውን?

ብዙ ሰዎች ብቸኝነት የባለጠጎች አገሮች በሽታ ነው ብለው ያምናሉ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝ በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ስትሰይም፤ ጃፓንም በ2021 እንደዚሁ አድርጋለች። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ «ጎረቤት የሌለው ፈረንጅ ነው» ብሎ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት ኮሚሽን በሰኔ 2025 ያወጣው ሪፖርት ይህን ፈገግታ የሚያከስም ነው። በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው፤ ከዚህም ጋር የተያያዘው ሞት በዓመት 871,000 ያህል እንደሚገመት ሪፖርቱ ይገልጻል። ይልቁንም ገቢያቸው ከፍተኛ በሆነ አገሮች ብቸኛ ነኝ የሚለው ከመቶ 11 ያህል ሲሆን፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ከመቶ 24 ያህል ነው። ከ13 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ከመቶ ከ17 እስከ 21 ይደርሳል። ይህ ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የተነገረ ቁጥር አይደለም፤ ሆኖም ድኻ መሆን ከብቸኝነት እንደማያድን ያስረዳል። ችግር ሰውን ከሰው እንደሚያገናኘው ሁሉ ይለያየዋልም። ስጦታ ይዞ መሄድ ያልቻለ ሰው ከሠርግ ይቀራል፤ ቡና ማፍላት ያልቻለች ሴትም ጎረቤት መጥራት ታቆማለች።

ሞትን ከብቸኝነት ጋር ማያያዝ የተጋነነ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፤ በካሊፎርኒያ በአላሜዳ አውራጃ የተደረገውን ጥናት እናስታውሰዋለን። በዚያ 6,928 ሰዎች ከ1965 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ተከታታይ ክትትል ተደረገባቸው። ሊሳ በርክማንና ሊዮናርድ ሳይም በ1979 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፤ ከዘመድ፤ ከወዳጅና ከማኅበር ያላቸው ግንኙነት እጅግ ጥቂት የሆነ ሰዎች፤ ብዙ ግንኙነት ካላቸው ይልቅ የመሞታቸው መጠን በወንዶች 2.3 እጥፍ፤ በሴቶች 2.8 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የትምባሆና የመጠጥ ልማዳቸው፤ የቀድሞ ጤንነታቸውም ተቀናንሶ ሲታይ ልዩነቱ አልጠፋም።

መቀጫ የሚከፍል ሰው

እንግዲህ ወደ አገራችን ልማድ እንመለስ። ገበሬው በደቦና በወንፈል ሲረዳዳ ኖሯል። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የገባው ሰው ግን የሚያርስለትም፤ ሲሞት የሚቀብረውም ዘመድ በአጠገቡ አልነበረውም። «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ ለሚጸልይ ሕዝብ ይህ ትልቅ ሥጋት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ ዕድር አብሯት የተስፋፋው ስለዚህ ነው። የዕድርን ታላቅነት የሚያሳየው አንዱ ነገር በአብዛኛው በሠፈር የሚመሠረት መሆኑ ነው። አባሎቹን የሚያገናኛቸው የአንድ ቀዬ ሰው መሆናቸው ስለ ሆነ፤ ከተለያየ አገር የመጡና የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ።

ዕድር ሲባል ለብዙ ወጣቶች የሚታያቸው ጥሩምባ ነፊው፤ ድንኳኑ፤ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ አንባቢያችንን ወደ ስም መዝገቡ እንመራዋለን። በቀብር ቀን የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ የመጣውንና የቀረውን ይመለከታል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። የተማረው ወጣት ይህን ሲሰማ «በልቅሶ ቤት ደግሞ ምን ቁጥጥር ነው?» ብሎ ይስቃል።

ነገር ግን ጥቂት እናስብ። አንድ ሰው ስለ መቅረቱ መቀጫ እንዲከፍል አስቀድሞ መቅረቱ መታወቅ አለበት። መቅረቱ እንዲታወቅም መፈለግ አለበት። በዚህ ሰፊ ከተማ ውስጥ አንድ ቀን ብንቀር «እገሌ የት ሄደ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ስንት ቦታ አለን? ሲኒማ ቤቱ አይጠይቅም፤ ምግብ ቤቱም አይጠይቅም። በቴሌፎናችን ውስጥ ካሉት አንድ ሺሕ «ወዳጆች» መካከል ለሳምንት ዝም ብንል ዝምታችንን የሚያስተውሉት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ዕድሩ ግን ይጠይቃል። መቀጫ የሚጣለው በሚፈለግ ሰው ላይ ነው፤ ለማይፈለግ ሰው መቀጫ የለውም።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር አለ። በዕድር ውስጥ ተቀባይ ብቻ ወይም ሰጪ ብቻ የለም። ዛሬ ወንበር የሚሸከመው ነገ ይሸከሙለታል። በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ 423 አረጋውያን ባልና ሚስቶች ለአምስት ዓመት ተጠንተው ውጤቱ በ2003 ታትሟል። ጥናቱ እንዳሳየው ከሞት ይበልጥ የራቁት ብዙ እርዳታ የተቀበሉት ሳይሆኑ፤ ለወዳጅ፤ ለዘመድ፤ ለጎረቤትና ለትዳር ጓደኛ እርዳታ የሰጡት ነበሩ። ይህም ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ብቸኛ ሰው ሲገጥመን ልናጽናናው፤ ልንጋብዘውና ልናዝንለት እንሮጣለን። ምናልባት የሚጠቅመው ግን «ነገ ድንኳን ስንተክል ናና አንዱን ጫፍ ያዝልን» ብንለው ነው። ማዘን ከእኛ በታች ያደርገዋል፤ ሥራ መስጠት ግን ከእኛ ጋር ያስተካክለዋል።

በሁለት ዕድር መካከል

ዳሩ ግን ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች አንድ ችግር አለ። የዕድር አባልነት በአብዛኛው በቤተሰብ ነው። ወጣቱ በአባቱ ቤት ሳለ በአባቱ ስም ተቈጥሮ ይኖራል። ከአባቱ ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፤ ከዚያም ሥራ ይዞ ክፍል ሲከራይ፤ ከአባቱ ዕድር ርቋል፤ የራሱ ግን የለውም። «ስታገባ ትገባለህ» ይባላል። ጋብቻው ደግሞ በኑሮ ውድነት ምክንያት ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል። ስለዚህ ብቸኝነት እጅግ በሚያሰጋበት ዕድሜ፤ የአያቶቻችን መድኃኒት የማይደርስበት ክፍተት ተፈጥሯል።

በአዲስ አበባ ከ2004 ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶችም ሌላ ምሳሌ ናቸው። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ስለ ሆነ የድሮ ጎረቤታሞች በየአቅጣጫው ተበታትነዋል። ሆኖም በብዙዎቹ ግቢዎች ሰው ሳይውል ሳያድር አዲስ ዕድር አቋቁሟል። ይህን የሚደግፍ ጥናት ከዩናይትድ ስቴትስ አለ። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በ1950 ባሳተሙት ጥናት፤ ለባለትዳር ተማሪዎች የተሠሩ ቤቶችን ተመልክተው ነበር። በጎን ለጎን በር ከሚኖሩት ከመቶ 41 ያህሉ በወዳጅነት ሲጠቃቀሱ፤ በአንድ ፎቅ ዳርና ዳር ከሚኖሩት ግን ከመቶ 10 ብቻ ተጠቃቀሱ። ተማሪዎቹ ጎረቤታቸውን መርጠው አልገቡም፤ ደረጃውና በሩ ግን ወዳጅ አደረጋቸው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመን ወገን ማለት አብሮን የተወለደ ብቻ እንዳይመስለን ነው። ማኅበር ሁሉ በር አለው፤ በርም እንደሚከፈት ሁሉ ይዘጋል። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩ በሙያቸው እየተናቁ፤ ቡዳ እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለሉ የኖሩት ወገን የሚባለውን በጠባቡ በመተርጐማችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ባለ ሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ግቢ አዲስ የገባ ተማሪ ብቸኝነት ሲያስፈራው የአገሩን ልጅ ቢፈልግ አያስነቅፈውም። የሚያሳዝነው በዚያው መቅረቱ ነው። በመኝታ ክፍሉ ከጎኑ የተኛውን ልጅ ቋንቋው ሌላ ስለ ሆነ ብቻ ሳያውቀው አራት ዓመት ካለፈው፤ ወገን አገኘሁ ሲል ወገን አጥቷል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ ለወጣቱ። ሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጆን ካቺዮፖ ብቸኝነትን ከረኃብ ጋር ያመሳስሉት ነበር። ረኃብ ምግብ ፈልግ እንደሚል፤ ብቸኝነትም ሰው ፈልግ የሚል ጥሪ ነው። ክፋቱ ግን ብቸኝነት ሲቈይ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርገዋል፤ ሰላም ሳይለው ያለፈውን ሁሉ የናቀው ይመስለዋል። በ2011 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ብቸኝነትን ለማስታገስ የተሞከሩትን ዘዴዎች ሲያነጻጽሩ፤ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመው ሰው ስለ ሌሎች ያለውን የተጣመመ ግምት ማቃናት ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ወዳጃችን «ማንም አይፈልገኝም» ብሎ ከመፍረዱ በፊት፤ ያ ያላየው ሰው ራሱም አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ብቸኛ እንዳይሆን ይጠርጥር።

ሁለተኛ፤ አንድ ቋሚ ቀንና አንድ ቋሚ ቦታ ይኑረን። ዕቁብ ይሁን፤ የንባብ ክበብ፤ ወይም የእግር ኳስ ቡድን፤ ትልቁ ነገር ተራና ኃላፊነት ያለበት መሆኑ ነው። ገንዘብ ያዥ፤ ጸሐፊ፤ ኳስ ያዥ መሆን ትንሽ ሹመት ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ሲቀር እንዲጠየቅ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፤ ለዕድር ዳኞችና ሽማግሎች የምናቀርበው ልመና አለ። ደንባችሁን ተመልክታችሁ፤ በሠፈራችሁ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖረው ላጤ ሠራተኛና ለብቻዋ ለምትኖረው ልጅ እንደ አቅማቸው የሚገቡበትን አንቀጽ ብትጨምሩ፤ ጉልበትም ትምህርትም ታገኛላችሁ። ወጣቱም ቢሆን መዝገቡን በጥሩ ጽሕፈት ይይዝላችኋል፤ ሲቀርም መቀጫውን ይከፍላል። እኛ በበኩላችን መቀጫውን እንደ ጸጋ እንደሚቈጥረው እናምናለን።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚቀለው ነገር ገንዘብም ደንብም የማይጠይቅ ነው። ሰኞ ጧት ወደ ቢሮ ወይም ወደ ክፍል ስንገባ፤ የመጡትን ሰላም ካልን በኋላ ያልመጣውን እንፈልግ። ባዶውን ወንበር አይተን «እገሌ ምን ሆኖ ቀረ?» እንበል፤ ከሰዓት በኋላም ደውለን እንጠይቀው። ምናልባት ጉንፋን ይዞት ይሆናል፤ ምናልባትም ምንም አልሆነ ይሆናል። ቢሆንም መቅረቱን ያስተዋለ ሰው እንዳለ አውቆ ያድራል።